የሸንኮራ አገዳና የውሃው ሒሳብ

በሻይ የምንጨምረው ስኳር ስንት ውሃ እንደጠጣ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚመረትበት የወንጂ አገዳ የሚጠጣው ከአዋሽ ነው። አገዳ በዓመት ከ1500 እስከ 2500 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል። 2000 ብንል ለአንድ ሔክታር 20,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ዝናሙ ያጎደለውን የሚሞላው መስኖ ነው።

በወንጂ ውሃው በፓምፕ ስለሚሳብ የባከነው ሁሉ የኃይል ወጪ ነው። በመተሐራ ግን ቁልቁል በራሱ ስለሚወርድ በነፃ የተገኘ ይመስላል። የጠብታ መስኖ ቧንቧና ማጣሪያ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ውሃው ርካሽ ከሆነ ታዲያ ያ ገንዘብ ከምን ይመለሳል? ብዙዎች በዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ሒሳቡ ጎዶሎ ይመስለኛል። ምክንያቱም ከመጠን በላይ የፈሰሰው ውሃ ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ይህ ዕዳ የሚጠየቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያለ ቧንቧም መቆጠብ ይቻላል። አንዱን ቦይ አጠጥቶ ቀጣዩን መዝለልና በሚቀጥለው ተራ ማፈራረቅ አንድ መንገድ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ አገዳው ሊቆረጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ውሃ ቢከለከል፣ ማደጉን ገታ አድርጎ ስኳሩን በግንዱ ውስጥ ያከማቻል።