እሳቱን ማን እንደለኮሰው አትጠይቁ

ጠጋ በሉማ። ይህን ጮክ ብዬ የማወራው አይደለም።

በጋው ሊያልቅ ሲል «ተራራው ላይ እሳት ተነሳ» ከተባለ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየውን ታውቁታላችሁ። ጭስ፣ ሄሊኮፕተር፣ ማይክሮፎን ፊት የቆሙ ኃላፊ፣ በመጨረሻም «በኅብረተሰቡ ርብርብ በቁጥጥር ሥር ውሏል»። ርብርቡ እውነት ነው። ሰው ሲረባረብ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ግን እሳት ስናጠና የምንውል ሰዎች ሻይ ላይ ስንገናኝ ነው የምናወጋው።

ከሄሊኮፕተሩ ልጀምር። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ሁሉም ዓይኑን ሰማይ ላይ ተከለ። ማንም ያልነገራችሁ ምን መሰላችሁ? እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሄሊኮፕተር ቆላ ላይ የሚሸከመውን ውሃ ያህል ከ3,000 ሜትር በላይ አይሸከምም። ያፈሰሰውም ቢሆን ነበልባሉን ያበርዳል እንጂ ከሥር የሚጤሰውን አያገኘውም። ያንን የሚጨርሰው ለምለም ቅርንጫፍና ዶማ የያዘ ሰው ነው።

ቅርንጫፉንም ዝም ብሎ መቀጥቀጥ አይምሰላችሁ። አዲስ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ ፍሙ ይበተናል፣ ከጀርባው ሌላ እሳት ይነሳል። የለመደው ሰው ግን ቅርንጫፉን አሳርፎ ይጫነዋል፤ እሳቱ አየር ያጣል። የሚመርጠው ሰዓትም ሌሊቱን ነው። ቀን ነፋሱ ዳገቱን ይዞ ሽቅብ ይነዳዋል፤ ሲመሽ ይገለበጣል፣ ሣሩም ጤዛ ይይዛል።

አሁን ደግሞ «ጠፋ» የምትለዋን ቃል ልንገራችሁ። ስሜን ላይም ጠፋ ከተባለ በኋላ ዳግመኛ ተነስቷል። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። የደጋው አፈር በበሰበሰ ሣርና ሥር የተሞላ ስለሆነ ያለ ነበልባል ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይበላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካሜራው ከሄደ በኋላ ተንበርክኮ የእጁን ጀርባ ወደ አመዱ ያስጠጋል። መዳፉን አይደለም፤ መዳፍ ከተቃጠለ ነገ ዶማ አይያዝም። ሙቀት የተሰማው ቦታ ይቆፈራል።

ሳተላይቱስ? እሱንም ሹክ ልበላችሁ። ብዙ ከምንጠቀምባቸው አንዱ፣ ቪርስ የሚባለው መሣሪያ፣ በላያችን የሚያልፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የምስሉ አንዷ ነጥብ በየጎኗ 375 ሜትር ትሸፍናለች። ጠዋት ተለኩሶ ምሳ ሳይደርስ ያለቀ ትንሽ እሳት ያመልጠዋል። ካርታው ላይ ቀይ ሆኖ የሚደምቀው ትልቁ ነው። ያመለጡትን ትንንሾቹን ግን ልብ በሉልኝ። ምስጢሩ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ወደ ባሌ እንሂድ። ከጫካው በላይ፣ ከሳነቴ አምባ በታች፣ ተራራውን የከበበው አስታ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ክብሪት የሚያያዝ ቁጥቋጦ። መንደር ገብታችሁ «ማን ለኮሰው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ አለቀላችሁ። መንገደኛ ነው ይሏችኋል። ማር ቆራጭ ነው ይሏችኋል። ደመና በሌለበት በየካቲት መብረቅ ነው የሚልም አይጠፋም። ማቃጠል የተከለከለ ነው፤ ማን ራሱን ያስራል? ጥያቄው መዞር አለበት። «ድሮ አባቶች እንዴት ነበር የሚያቃጥሉት?» በሉ። ያኔ ወተቱም ይመጣል፣ ወጉም ይመጣል።

የሚመጣው ወግ ደግሞ ተራ ወግ አይደለም። ማሪያ ዮሃንሰን፣ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ባወጡት ጥናት ላይ ሰፍሯል። አርቢው አስታውን የሚያቃጥለው ለጥፋት አይደለም። ከብቱ የሚበላው ለጋ ቅጠል እንዲያቆጠቁጥ ነው። ከብት የሚመርዝ አባጨጓሬ እንዲጠፋ ነው። አውሬ የሚያደባበት ጥሻ እንዲገለጥ ነው። ደግሞም አስታው አይሞትም፤ ላዩ ይነዳል፣ ከሥሩ ጉቶ መልሶ ይበቅላል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። በቅርብ የተቃጠለ ለጋ አስታ እሳት አይዘውም! ዓመታት ቆጥሮ ካልደረቀና ካልተጠቀጠቀ ነበልባል አይሻገረውም። ስለዚህ አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው የዛሬ አምስት ዓመት፣ ሌላው ከዚያ በፊት የተቃጠለበት ተራራ ራሱን በራሱ ያጥራል። የትኛውም እሳት ሩቅ ሳይሄድ ለጋው ላይ ደርሶ ይቆማል። እነዚያ ሳተላይት ያመለጣቸው ትንንሽ እሳቶች የትልቁ እሳት አጥር ነበሩ።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ከልክሉ። አስታው እኩል ያረጃል፣ እኩል ይደርቃል፣ አጥሩ ይጠፋል። ግጦሹ ግን ያው ያስፈልጋል። ድሮ ሽማግሌ መክሮበት፣ ነፋስ ታይቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይለኮስ የነበረውን አሁን አንድ ሰው ብቻውን ለኩሶት ይሮጣል። ቆሞ ቢጠብቀው ይያዛላ! ማንም ያልጠበቀው እሳት ያረጀ አስታ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ይህን በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ብትናገሩ ፊቶች ይጠቁራሉ፤ ለቡና ሲወጣ ግን ያው ፊቱ የጠቆረው ሰው ትከሻችሁን ነክቶ «ልክ ናችሁ» ይላል።

«እሳት ለባሌ አዲስ መቅሰፍት ነው» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር ያለውን ጭቃ አላየም። ከዚያ የወጣው ደለል ወደ 14,000 ዓመት የሚጠጋ የከሰል ብናኝና የአበባ ዱቄት ይዞ ተገኝቷል። እሳቱ ይመጣል፣ አስታው ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይመለሳል። ያ ሁሉ ዘመን።

ግን እንዳትሳሳቱብኝ፤ ይህ ለሁሉም ጫካ አይሠራም። ከአስታው በታች፣ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ሐረና አለ፤ የጫካ ቡና የሚለቀምበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት እርጥብ ደን። እዚያ እሳት ባዕድ ነው። ጥድም ቢሆን አንዴ ከነደደ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። በ1992 ድርቁ ጫካውን አድርቆት ባሌና ቦረና ሲቃጠሉ ከ100,000 ሄክታር በላይ ሄዷል። ወታደር፣ ተማሪና ገበሬ ሳምንታት ታግሎታል፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካም ባለሙያ መጥቷል። ቀፎው የነደደበት ቤተሰብ የሚያጣው የዓመት ገቢውን ነው፤ ዛፉን ደግሞ የልጅ ልጁም ላያየው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሕግ ለሁለቱም ማውጣት ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። አስታውን በጊዜው እንዲያቃጥሉ ቢፈቀድላቸው፣ አርቢዎቹ ሐረናን ከእሳት የሚጠብቁ የመጀመሪያዎቹ ዘበኞች በሆኑ ነበር።

እና አርቢዎቹ መቼ እንደሚያቃጥሉ ጠይቄ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከላይ በቅርብ የተቃጠለ ለጋ አስታ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ደግሞም ብቻን ሳይሆን ከሰው ጋር። ማን ነገረሽ ብትሉኝ ግን፣ ፈቃዱ በወረቀት እስኪወጣላቸው ድረስ አንድም ስም ከእኔ አታገኙም።