የስፌት ደቦ መሬት ያስገዛቸው ገበሬዎች

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ ዞሮ በሦስት ወገን የከበባት ጂስ ቤንድ የተባለች የገጠር መንደር ትገኛለች። የነዋሪዎቿ አያት ቅድመ አያቶች በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ጥቁሮች ናቸው። ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላም (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ልጆቻቸው እዚያው መሬት ላይ ጭሰኞች ሆነው ቆይተዋል።

የጭሰኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል በ1932 የደረሰባቸው ይመሰክራል። ለዘርና ለቀለብ ያበድራቸው የነበረው ነጋዴ ሲሞት፣ ቤተሰቡ ዕዳችንን እንወስዳለን በማለት ከብቱን፣ የእርሻ መሣሪያውንና የጎተራውን እህል ሳይቀር ጭነው ወሰዱ። ሕዝቡ ከረሀብ የተረፈው የቀይ መስቀል እርዳታ ስለ ደረሰለት ነው። በኋላ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ በ1940ዎቹ ዓመታት ለገበሬዎቹ በረጅም ጊዜ ክፍያ ሸጠላቸው።

የመንደሩ ሴቶች ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቻቸውን ከብርድ ያዳኑት እኛ ድሪቶ በምንለው ዓይነት ሥራ ነው። ያረጀ ቱታና ሱሪ፣ የዱቄትና የማዳበሪያ ከረጢት እየተቀደደ ይጣፋል። ከመዳመጫ ቤት ወለል የተጠረገው ጥጥ በዱላ ተመትቶ በመካከል ይነጠፋል፤ ከሥር ገበር ይደረግለታል። የላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ ሴት በገዛ ሐሳቧ ብቻዋን ትሠራለች። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ መስፋቱ ግን የደቦ ሥራ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሴቶቹ ተራ በተራ በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ በእንጨት መወጠሪያ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እየዘመሩና እየተጨዋወቱ ይሰፉ ነበር።

የብርዱ ወራት ሲያልፍ የአልጋ ልብሱ ሁሉ ታጥቦ በገመድ ላይ ይሰጣል። ያን ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት እየዞረ ያያል። አንዷ የሌላዋን አሠራር ተመልክታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ስትሠራው ግን አንድ ነገር ጨምራ ወይም ቀንሳ የራሷ ታደርገዋለች። የቤት ጣሪያ የሚባለው፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ የሚደራረብበት አሠራር በመንደሩ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም የአንዷ ከሌላዋ ጋር አይመሳሰልም። ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1965 መጀመሪያ ላይ መንደሪቱ በምትገኝበት በዊልኮክስ አውራጃ በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ጥቁር አልነበረም። የመምረጥ መብት ትግሉ ሲፋፋም የጂስ ቤንድ ገበሬዎች ከፊተኞቹ መካከል ተሰለፉ። መሬቱ የራሳቸው ስለ ነበረ ከቤት የሚያስወጣቸው አልነበረም። በአካባቢው በሰው መሬት ላይ የሚኖሩት ግን ለመመዝገብ በመሄዳቸው ብቻ ከነልጆቻቸው ከመሬቱ ተባረሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ ቄስ በመንገድ ሲያልፉ በገመድ ላይ የተሰጣ የአልጋ ልብስ አይተው ቆሙ። ቄሱ ከሴቶቹ አንዱን በ10 ዶላር ሒሳብ እየገዙ በኒውዮርክ ከተማ በጨረታ እንዲሸጥ አደረጉ። በመጋቢት 1966 ሴቶቹ ተሰብስበው ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ፣ ማለትም የነፃነት የስፌት ደቦ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ኤስቴል ዊዘርስፑን ለብዙ ዓመታት በሥራ አስኪያጅነት መሩት።

ማኅበሩ ከሽያጩ ባገኘው አቅም 23 ኤከር መሬት ገዛ። በ1969 በላዩ ላይ የስፌት ቤት ሠራ፤ ለሠራተኛ እናቶች ልጆችም የመዋያ ሥፍራ አዘጋጀ። ከመሬቱ ከፊሉን በመብታቸው ምክንያት ለተባረሩት ቤተሰቦች ቤት መሥሪያ እንዲሆን ሸጠላቸው። በመርፌና በቡትቶ የተጀመረው ሥራ በዚህ ዓይነት መጠለያ ላጡት መጠለያ ሆነ።

ሆኖም ገበያው የራሱ ችግር ነበረው። ታላላቅ መደብሮች የሚፈልጉት መጠኑም መልኩም እኩል የሆነ ዕቃ ነው። ሴቶቹ ግን የለመዱት እንደ ልባቸው መሥራትን ነው። በ1972 ሲርስ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገው ውል ኮርዱሮይ ከተባለው ባለመስመር ወፍራም ጨርቅ የትራስ ልብስ ይሠሩ ጀመር። ደመወዝ የሚያስገኘው ሥራ ይህ ነበር። ነገር ግን ከመቁረጫው የተረፈውን ቅዳጅ ወደ ቤታቸው እየወሰዱ በማታ እንደ ፈቀዳቸው ሰፉት። ከእነዚህ የኮርዱሮይ ሥራዎች አንዳንዶቹ ከአሮጌ ልብስ ከተሠሩት ጋር በ2002 በሂዩስተንና በኒውዮርክ ቤተ መዘክሮች ታዩ፤ በ2006 ደግሞ የመንደሪቱ ሥራዎች ሥዕል በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ።

ማኅበሩ ራሱ ግን ለዘለቄታው አልቆየም። አባላቱ እያረጁ፣ ትእዛዙም እየቀነሰ ሄዶ በ2012 ተዘጋ። ያም ሆኖ የመንደሩ ሴቶች መስፋታቸውን አላቆሙም።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚቀስሙት ትምህርት አለ። በየቀበሌው ስፌት፣ ሽመና፣ ሸክላ የሚያውቁ ሴቶች አሉ። የእጅ ሥራቸውን ይዘው በአንድነት የሚተያዩበት ቀን ቢወሰንላቸው አንዷ ከሌላዋ ትማራለች፤ ዋጋውንም ነጋዴው ብቻ ሳይሆን እነርሱም ይነጋገሩበታል። ትርፉ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በስብሰባ መወሰን ይኖርበታል። የጂስ ቤንድ አካባቢ ሴቶች ለመሬትና ለሕፃናት መዋያ አውለውታልና። ለወጣቶች ቦታ ያላዘጋጀ ማኅበር ግን ከመሥራቾቹ ጋር አብሮ ያረጃል። በአንድ ገዢ ትእዛዝ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራም ትእዛዙ በቀረ ቀን ይቆማል።