ያውቁ ኖሯል?
በዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ላይ የመጨረሻዋን ደቃቅ መስመር ሳይሳሳት የሚያነብ ልጅ፣ መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሊታዩት እንደሚችሉ ያውቁ ኖሯል?

ሰሌዳው የሚለካው የሩቅ እይታን ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ አንዱ ዓይን ተሸፍኖ። ቅርብ ላለ ነገር ግን ሁለቱ ዓይኖች አብረው ወደ አፍንጫ መዞር አለባቸው። ይህ ሲያቅታቸው ልጁ ራሱን ያመዋል፣ መስመር ይዘላል፣ አንዳንዴም አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ያነባል። ብዙ ጊዜ በስንፍና ይታማል፤ ያሳዝናል።

ችግሩ በዓይን ልምምድ ይሻሻላል። አሜሪካ ውስጥ ከ9 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው 221 ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለ12 ሳምንታት በሳምንት አንድ ሰዓት ባለሙያ ዘንድ፣ በተጨማሪም ቤታቸው ከተለማመዱት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ድነዋል ወይም ተሽሏቸዋል። ቤት ውስጥ እርሳስ ወደ አፍንጫ እያቀረቡ በማየት ብቻ ከተለማመዱት የተሻላቸው 43 በመቶ ናቸው።

ልጅዎ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ሲያነብ ካዩት፣ የዓይን ባለሙያው የቅርብ እይታውንም እንዲመረምርለት ይጠይቁ።