የምድር መሽከርከርና የጥይት ጉዞ፦ ተረትና እውነታ

ስለ ረጅም ርቀት ተኩስ ከሚነገሩት ተረቶች በስፋት የሚታመነው፣ ጥይቱ በአየር ላይ ሳለ ምድር ከሥሩ እየሸሸች ዒላማውን ይዛ ትሄዳለች የሚለው ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በምድር ወገብ አካባቢ የሩቅ ዒላማ መምታት ባልተቻለ ነበር፤ በዚያ የምድር ገጽ በሰከንድ 465 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ፣ 1,000 ሜትር ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅበት ጥይት ዒላማውን በ700 ሜትር ያህል ይስተው ነበር። ነገር ግን ጠመንጃው፣ ጥይቱ፣ አየሩና ዒላማው ከተኩሱ በፊትም በዚሁ ፍጥነት አብረው ሲጓዙ የነበሩ በመሆናቸው፣ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ይህን ፍጥነት ይዞ ይወጣል።

ከዚህ ተነሥቶ የምድር መሽከርከር በጥይት ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለትም ስሕተት ነው። ተኳሹ የቆመበት መሬት ወደፊት ከመጓዙ ሌላ በራሱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ይህ መዞር በዋልታዎች ላይ ሙሉ ሲሆን በምድር ወገብ ላይ የለም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ መሬቱ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጥይት ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስሎ ይታያል፤ በደቡብ ግን ወደ ግራ ነው። ይህም ፈረንሳዊው ጋስፓር ጉስታቭ ዴ ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ባቀረበው ጥናት ምክንያት የኮሪዮሊስ ውጤት ይባላል። የጎን ፈቀቅታው የሚገኘው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲተኮስ ብቻ ነው የሚለው እምነት መሠረት የለውም፤ በየትኛውም አቅጣጫ መጠኑ አንድ ነው። የሚለዋወጠው በኬክሮስ፣ ማለትም ስፍራው ከምድር ወገብ ባለው የዲግሪ ርቀት ነው፦ በ45 ዲግሪ ላይ በ1,000 ሜትር 8 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በምትገኝበት በ9 ዲግሪ ግን 2 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ገጽታ፣ በሃንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ በሎራንድ ኤትቨሽ ስም የሚጠራው የቁመት ለውጥ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚተኮስ ጥይት ከምድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሮጥ ክብደቱ በጥቂቱ የቀነሰ ያህል ሆኖ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ወደ ምዕራብ ሲተኮስ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህ ውጤት ከጎን ፈቀቅታው በተቃራኒ በምድር ወገብ ላይ የሚበረታ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ኬክሮስ በ1,000 ሜትር ወደ 11 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለአውሮፓ የተዘጋጀን ማስተካከያ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ጎኑን ያለ አግባብ አርሞ የቁመቱን ያሳንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1918 ጀርመኖች ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት በደበደቡበት መድፍ፣ አረሩ በአየር ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ስለሚቆይ ይህን ስሌት መተው የማይቻል ነበር። በጠመንጃ ግን የነፋስ ድርሻ እጅግ ይበልጣል፤ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ የሚጓዝ የጎን ነፋስ በ1,000 ሜትር ላይ የተለመደ ጥይትን ግማሽ ሜትር ያህል ሊገፋው ይችላል። በ300 ሜትር የሳተን ተኩስ በምድር መሽከርከር ማሳበብማ ፈጽሞ አያስኬድም፤ በዚያ ርቀት የጎን ፈቀቅታው በ45 ዲግሪ እንኳ ከ1 ሳንቲሜትር በታች ነው።