በጠረጴዛ ላይ የቆመ ታንክ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ወደ አንድ ያልተለመደ ጉዳይ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። ጉዳዩ ታንክ ነው። ሆኖም በጦር ሜዳ ምድርን የሚያንቀጠቅጠው 36 ቶን ብረት አይደለም፤ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ በሻይ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ታንክ ነው። «ይህማ የሕፃናት መጫወቻ አይደለምን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም አስቀድሜ እንዲሁ ብዬ ነበርና።

ይህን ታንክ ያየሁት በናይሮቢ ከተማ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ነው። ኪሌሌሽዋ ከናይሮቢ አርቦሬተም አጠገብ የሚገኝ፣ ዛፍ የበዛበት፣ የቀድሞዎቹ ባለ ግቢ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቆች የቆሙበት ሰፈር ነው። ከነዚህ ፎቆች በአንዱ፣ ሦስተኛ ደርብ ላይ፣ በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የተሻገሩ አንድ አዛውንት ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። አዛውንቱ በወጣትነታቸው የቲ-55 ታንክ ተኳሽ ነበሩ። ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ስላላቸው ለሥራ ናይሮቢ በሄድኩ ጊዜ «ሳትጠይቃቸው እንዳትመለስ» የሚል አደራ ነበረብኝ።

ስገባ በረንዳው ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ወረንጦ ይዘው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ቡናውን እያቀረቡ፣ «እስቲ አንተ ፍረደን፣ ልጄ፤ በገንዘብ የተገዛ አዲስ ዕቃ ጭቃ መቀባት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ቤቱን ሁሉ የቀለም ሽታ አደረገብኝ» አሉኝ። አዛውንቱ ፈገግ ብለው ዝም አሉ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ስለ ጦርነቱ ዝም ማለት የቆየ ልማዳቸው ነበር።

ከሠላሳ አምስት አንዱ

በዓለም ላይ የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መጠን ከሠላሳ አምስት አንድ ነው። ይህም ማለት እውነተኛው ታንክ 35 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የመጠኑ አመጣጥ የሚያስገርም ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በኤሌክትሪክ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ሲሠራ፣ ሞተሩና ባትሪዎቹ እንዲገቡበት ታስቦ ስፋቱ ተወሰነ፤ ሲለካ ከሠላሳ አምስት አንድ ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም ያንኑ ተከተሉ።

የቲ-55 ታንክ አካል ያለ መድፉ 6 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 3 ሜትር ከ27 ነው። በሞዴሉ ርዝመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። በዚያ ጠባብ ሆድ ውስጥ አራት ሰዎች ይሠሩ ነበር። ነጂው ከፊት በግራ፣ ተኳሹ ከመድፉ በስተግራ፣ አዛዡ ከተኳሹ ጀርባ፣ አጉራሹ ደግሞ በስተቀኝ ለብቻው። የአስራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው የሞዴሉን ክዳን እያነሣ፣ «አባባ፣ እዚህ ውስጥ አራት ሰው እንዴት ይገባል?» ሲል ጠየቃቸው። «ወጣት ሆኖ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ተዋዶ» ብለው መለሱለት።

በመደርደሪያው ላይ ሌላ ትንሽ ሞዴል አየሁ። ርዝመቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ የጣሊያኑ ሲ ቪ 33 የተባለው ባለ ሁለት ሰው ታንክ ነው። በታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና፣ በራስ እምሩ ሥር የነበረው ጦር እነዚህን ታንኮች ገጥሞ ድል አድርጓቸዋል። አዛውንቱ ሞዴሉን በጣታቸው እያዞሩ እንዴት እንደሆነ አሳዩኝ። መትረየሶቹ ወደ ፊት የተተከሉ ናቸው፤ እንደ ሌላው ታንክ የሚዞር ራስ የለውም። ስለዚህ በጎንና በኋላ የመጣበትን ሰው ሊመታ አይችልም። በአካዳሚ ይህን ውጊያ በካርታ ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት፣ ያቺን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ በእጄ ይዤ ነው።

ቀለሙና ዕድሜው

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ፕላስቲኩ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል። ክፍሎቹ ተጣብቀው፣ መገጣጠሚያው በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ፣ በመጀመሪያ መያዣ ቀለም ይቀባል። ቀጥሎ ዋናው አረንጓዴ ይመጣል። በዚህ ላይ አዛውንቱ አንድ ምስጢር ነገሩኝ። በእውነተኛው ታንክ ላይ ያለውን ቀለም እንዳለ በሞዴል ላይ ቢያደርጉት ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ጥቂት ነጭ ወይም ቢጫ ጠብ ተደርጎበት መቅለል አለበት። ቀለሙም ውፍረት ሳይኖረው በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ይቀባል።

ከዚህ በኋላ ታንኩ አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ነው። የባለቤታቸው ቅሬታ የተነሣውም ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ነው። በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀለም በየስንጥቁና በየብሎኑ ሥር እንዲፈስ ይደረጋል፤ ጥላ ይሆናል። በደረቅ ብሩሽ፣ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል፣ የብረቱ ጠርዞች በስሱ ይዳሰሳሉ፤ ብርሃን ይሆናል። በቁራጭ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ቀለም ተነክሮ ቀለም የሚላጥባቸው ቦታዎች ይነካሉ። እነዚህ ቦታዎች ግን በዘፈቀደ አይመረጡም። ሰው የሚረግጠው የት ነው? እጅ የሚይዘው የት ነው? የክዳኑ ጠርዝ፣ መወጣጫው፣ የመሣሪያ ሣጥኑ አካባቢ ነው። የቲ-55 ጭስ ማውጫ በግራ ጎን ስለሆነ ጥቀርሻውም በዚያው ይሆናል። ሰንሰለቱ ደግሞ መሬት የሚነካው ጫፉ እንደ ብር ያበራል፤ የቀረው ቡናማ ዝገት ይይዛል።

ልጁ ታንኩን በሙሉ ብርቱካናማ ዝገት ሊቀባው ፈልጎ ነበር። አዛውንቱ እጁን ያዙት። «እንዲህ የሚሆነው የተቃጠለ ታንክ ነው፤ እሳቱ ቀለሙን ይበላውና ባዶው ብረት ይዝጋል። የእኛ ታንክ አልተቃጠለም» አሉት። «የእኛ ታንክ» ሲሉ ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩአቸው።

የአፈሩ ነገር

የመጨረሻው ሥራ አቧራው ነው። ናይሮቢ በምዕራብ በኩል አፈሯ ቀይ ነው፤ ኪሌሌሽዋም የሚገኘው በዚሁ በኩል ነው። በምሥራቅ ወደ አቲ ሜዳ ሲኬድ ደግሞ ጥቁር መረሬ ነው። የልጅ ልጃቸው ከግቢው ቀዩን አፈር ዘግኖ አመጣ። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በሻሽ ተነፍቶ እንደ ዱቄት ላመ። አዛውንቱ ግን አልተቀበሉትም። «ይህ ታንክ ኪሌሌሽዋን አያውቃትም» አሉ።

ታንኩ የሚያውቀው የጅጅጋን ሜዳና የካራማራን ተራራ ነው። እንደሚታወቀው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ዘልቆ በገባ ጊዜ፣ ቲ-34 እና ቲ-54/55 ታንኮች ነበሩት። የእኛ ጦር በመጀመሪያ የተዋጋው በአሜሪካን ሠራሽ ኤም-41 እና ኤም-47 ታንኮች ሲሆን፣ ቲ-55 በኋላ ከሶቭየት ኅብረት መጣለት። ስለዚህ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ታንክ ተሰለፈ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመልሳ በእጃችን ገባች። የኩባ ወታደሮችም በዚያ ጦርነት ከእኛ ጎን ተሰልፈው ደማቸውን አፍስሰዋል። አዛውንቱ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ።

አንድ ዘመዳቸው ወደ ጅጅጋ ሲሄድ አደራ ብለው፣ በመድኃኒት ፖስታ የታሸገ አንድ ጭብጥ አፈር አስመጡ። ፖስታውን ሲከፍቱ ግን ደነገጡ። በአእምሯቸው የነበረው አፈር ቀይ ነበር፤ የመጣው ገርጣ ያለ ቡናማ ነው። ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። «ለካ ቀዩ አፈሩ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

የአጉራሹ ክዳን

አቧራው በለስላሳ ብሩሽ በጎማዎቹና በሰንሰለቱ ላይ ከተነሰነሰ በኋላ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። አዛውንቱ ግን መርፌ አንሥተው በራሱ ቀኝ በኩል፣ በአጉራሹ ክዳን ጠርዝ ላይ አንዲት ፊደል ጫሩ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ባለቤታቸው መነጽራቸውን ተቀብለው ፊደሏን አዩ። «ይህ የልጃችን ስም መጀመሪያ ነው» አሉ።

አዛውንቱ የነገሩንን ባጭሩ አቀርበዋለሁ። አጉራሹ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በክዳኑ ላይ በሚስማር ጭሮ፣ በአዛዡ ተቆጥቷል። ጅጅጋ ከመያዟ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ተኩስ ጋብ ባለ ጊዜ፣ ነፋስ ሊያገኝ ክዳኑን ከፍቶ ወጣ። አልተመለሰም። ታንኩ አልተነካም፤ ቀሪዎቹ ሦስቱም ተረፉ። በ1975 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ሲወለድ ባለቤታቸው በአባታቸው ስም ሊጠሩት ፈልገው ነበር። አዛውንቱ ግን እንቢ ብለው ሌላ ስም አወጡለት፤ ምክንያቱንም አልተናገሩም።

«አርባ ዓመት ሙሉ አባቴን የናቅህ መስሎኝ ነበርኮ» አሉ ወይዘሮዋ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ተነሥተው ለሁለተኛው ቡና ውሃ ጨመሩ። ልጁ ግን አያቱን ትኩር ብሎ እያየ፣ «ታዲያ አባዬ ያውቃል?» ሲል ጠየቀ። አባቱ ማታ ከሥራ ሲመለስ እንዲነገረው ተወሰነ።

ለባለትዳሮችና ለወላጆች

ውድ አንባቢያን፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ንገረኝ» ሲባል አንደበቱ ይታሠራል። እጁ ሥራ ሲይዝ ግን አንደበቱ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ይህን በኪሌሌሽዋ አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤትሽ ማታ ማታ በትንሽ ነገር ላይ ጎንበስ ብሎ ቢውል፣ እህቴ፣ አጠገቡ ወንበር ሳቢ እንጂ አትንቀፊው። አንተም፣ ወንድሜ፣ ጀርባህን ሰጥተህ አትሥራ፤ ለእርሷም ለልጆችህም ብሩሽ ስጣቸው።

ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የተገዛ ሞዴል ባይኖር በካርቶንና በሙጫ መሥራት ይቻላል። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ቁራጭ ስፖንጅ፣ ቀለም መበጥበጫ የሚሆን የጠርሙስ ክዳን በየቤቱ አለ። ነገር ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ቲነርም ሆነ አኳራጅ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ ከከሰል ምድጃና ከጋዝ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በብርጭቆ ወረቀት ስታሹም ሆነ አፈር ስትነፉ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ምላጩን የሚይዘው አዋቂ ይሁን።

ልሰናበታቸው ስነሣ ታንኩን እንደገና አየሁት። በግራ ጎኑ፣ በኋለኛው ጎማ ላይ፣ ጭቃው ከልክ በላይ ወፍሯል፤ የልጅ ልጃቸው እጅ ነው። «ይህን ያስተካክሉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይ፣ ልጄ፤ ይቆይ» አሉኝ። «ይኸኛው የእርሱ ነው።»