ኩላሊቱን ለሚያሳጥብ ሰው የአንድ ጊዜ የደም ምርመራ አይበቃም

በአንድ የገጠር ቀበሌ የገበሬ ማኅበር አባላት ባለፈው በጋ በዋርካ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነበር። የስብሰባው አጀንዳ የማዳበሪያ ዕዳም የእርከን ሥራም አልነበረም። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ላቆሙበት አንድ የማኅበሩ አባል መዋጮ ለማሰባሰብ ነበር። ሊቀ መንበሩ የወጪውን ዝርዝር ከደብተራቸው አነበቡ፤ ለመጓጓዣ፣ ለከተማ ማደሪያ፣ ለኩላሊት እጥበት፣ ለመድኃኒት። ንባቡ ሲያበቃ የበሽተኛው ታላቅ ወንድም ተነሥቶ፣ ሆስፒታሉ እጥበቱን ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስ ምርመራ ውጤት መጠየቁን፣ ይዘውት የሄዱት ወረቀትም የቆየ በመሆኑ ደሙ እንደገና እንዲመረመር መታዘዙን አስረዳ።

በዚህ ጊዜ አንድ አዛውንት ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ሰውየው የታመመው ኩላሊቱን ነው፤ ጉበቱን ምን ፈልገውበት ነው? ደግሞስ አምና ተመርምሮ ነጻ ነህ ተብሎ የለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባቴ፣ የአምናው ወረቀት የሚናገረው የአምናውን ደም ነው» አለቻቸው።

መልሷ አጭር ቢሆንም ትልቅ ቁም ነገር አለው። ይህ ዘጋቢ የተማረው ስለ እህልና ስለ ከብት እንጂ ስለ ሕክምና ባይሆንም፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለታመመ አባላቸው መዋጮ ሲያሰባስቡ ይጠቅማቸዋል በማለት ጉዳዩን ተከታትሎ የደረሰበትን እንደሚከተለው ያቀርባል።

ደም ከሰውነት ወጥቶ ሲመለስ

ጤነኛ ኩላሊት ቆሻሻን ከደም እያጣራ በሽንት ያስወግዳል። ኩላሊት ይህን ማድረግ ሲሳነው ሥራውን መሣሪያ ይተካዋል። የበሽተኛው ደም በቀጭን ቱቦ ከሰውነቱ ይወጣል፤ በማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ታጥቦም በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜም 4 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሥራ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ በሽተኞች ጎን ለጎን ተኝተው ይታጠባሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው በዚያው አልጋና በዚያው መሣሪያ ይተካል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ጉበትን የሚያጠቃ ሲሆን፣ በአገራችን «የወፍ በሽታ» እየተባለ የሚጠራውን፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቫይረሱ በዓይን በማይታይ የደም ፍንጣቂ ይተላለፋል። በደረቀ ደም ውስጥ፣ በጠረጴዛ ወይም በመሣሪያ ቁልፍ ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ይቆያል። ስለሆነም ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ በሚዘዋወር እጅ፣ ባልተለወጠ ጓንት፣ በጋራ በተቀዳ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ በደንብ ባልተወለወለ መሣሪያ አማካይነት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

በዚህ ላይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሽታ የመከላከል ኃይሉም የደከመ ነው። ቫይረሱ ሲገባበት ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም፤ ጎኑንም አያመውም። ነገር ግን ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ተቀምጦ ለሌላው ይተርፋል። ስለዚህ በመልክ አይታወቅም፤ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ከኤዲንብራ የተገኘ ትምህርት

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1970 በአንድ የኩላሊት እጥበት ክፍል ይኸው በሽታ ገብቶ 40 ሰዎችን አጠቃ። ከእነዚህ መካከል 11 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ 7ቱ በሽተኞች ሲሆኑ፣ 4ቱ ሊያክሙ የተሰማሩ ሠራተኞች ነበሩ። ይህም ጉዳቱ በተኛው ብቻ የሚወሰን ሳይሆን አካሚውንም የሚወስድ መሆኑን አሳየ።

በዚያው ዘመን የቫይረሱን ምልክት በደም ውስጥ የሚያገኝ ምርመራ ተፈጥሮ ነበር። ለዚህ መንገድ የከፈተው ባሩክ ብላምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሆን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በእንግሊዝ አገር በ1972 የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት፣ በእጥበት ክፍሎች በሽተኞችም ሠራተኞችም ዘወትር እንዲመረመሩና ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ለብቻው እንዲታጠብ አሳሰበ። በአሜሪካም በ1977 ተመሳሳይ መመሪያ ወጣ። በ1974 በዚያ አገር ኩላሊታቸውን ከሚያሳጥቡ 100 ሰዎች ውስጥ 6 ያህሉ በዓመት አዲስ ይያዙ ነበር። በ1980 ይህ ቁጥር ወደ 1 ወረደ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1981 ነው። ስለዚህ ክትባት ሳይኖር በሽታውን በዚህ መጠን ያዳከመው መመርመር፣ መለየትና ንጽሕናን መጠበቅ ነበር። አርሶ አደር ይህን አሠራር አስቀድሞ ያውቀዋል። የሳምባ በሽታ አለበት ከተባለ አካባቢ የተገዛ በሬ በቀጥታ ከመንጋው ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው ታስሮ ይታያል። አንድ ጊዜ ጤነኛ መስሎ መታየቱም ለሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

በላቦራቶሪ ከበሽተኛው ክንድ የተቀዳው ደም በመሣሪያ እየተሽከረከረ ቀዩ ከውኃማው ይለያል። ውኃማው ክፍል ከመመርመሪያ ንጥረ ነገር ጋር ይገናኛል፤ የሚፈለገው ምልክት ካለ ቀለም በመለወጥ ወይም በሌላ ዘዴ በመሣሪያ ይነበባል። እጥበት ከመጀመሩ በፊት ደሙ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠየቃል።

የመጀመሪያው፣ «ቫይረሱ አሁን በሰውነት ውስጥ አለ ወይ?» የሚል ነው። የሚፈለገው የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ነው። ሁለተኛው፣ «ሰውነቱ መከላከያ አለው ወይ?» የሚል ሲሆን፣ የመከላከያው ልክ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽተኛው እንደተጠበቀ ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ «ቫይረሱ ከዚህ በፊት ገብቶ ያውቃል ወይ?» የሚል ነው። ይህ እንደ ጅብ ዱካ ነው፤ ጅቡ ባይታይም ማለፉን ይናገራል። ዱካው ብቻውን ከተገኘ ሐኪሙ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል።

በጤና ጣቢያ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ቫይረሱ በመጠን አነስተኛ ሲሆን ሊያመልጠው ይችላል። ስለሆነም ለእጥበት በሽተኛ በመሣሪያ የሚነበበው ምርመራ ይመረጣል።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ምርመራው የሚደጋገመው ለምንድን ነው? ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ በማግስቱ በምርመራ አይገኝም። ምልክቱ በደም ውስጥ እስኪታይ በአማካይ አንድ ወር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ለአደጋ ይጋለጣል። በመሆኑም መከላከያ የሌለው በሽተኛ በየወሩ እንዲመረመር፣ መከላከያ ያለው ደግሞ የመከላከያው ልክ እንዳይወርድ በየዓመቱ እንዲለካ ይመከራል። ልኩ ከ10 በታች ከወረደ ማጠናከሪያ ክትባት ይሰጠዋል።

ለእጥበት በሽተኛ የሚሰጠው ክትባት መጠኑ ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ የደከመ ሰውነት በቀላሉ መከላከያ አያፈራምና። ስለዚህ ኩላሊቱ መድከም የጀመረ ሰው እጥበት ላይ ሳይደርስ አስቀድሞ ቢከተብ ይሻላል። ክትባቱ መሥራቱም ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በተከተበ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተመረመረ ደም የክትባቱን ቅሪት እንደ ቫይረስ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የክትባቱ ቀን ለላቦራቶሪው መነገር አለበት።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው አይባረርም

ብዙ ቤተሰብ ውጤቱን የሚደብቀው፣ ቫይረሱ ከተገኘ እጥበት ይከለከላል፣ ጎረቤትም ይሸሻል ብሎ በመፍራት ነው። የምርመራው ዓላማ ግን መከልከል አይደለም። ቫይረሱ ያለበት በሽተኛ በተለየ ክፍል፣ ለእርሱ ብቻ በተመደበ መሣሪያ ይታጠባል፤ የሚንከባከበው ነርስም በዚያው ሰዓት መከላከያ የሌላቸውን ሌሎች በሽተኞች አይነካም። ውጤቱን መደበቅ ግን በሽተኛውን ከሕክምና፣ አጠገቡ የተኙትንም ከጥበቃ ያርቃል።

ቫይረሱ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በሳል አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጋራ ምላጭ መጠቀም፣ ዋግምትና እንጥል ማስቆረጥ፣ ባልተቀቀለ መርፌ መነቀስ የሚያደርሱት ጉዳትም ከዚሁ የመጣ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሕፃናት ከሚሰጧቸው መደበኛ ክትባቶች ጋር የዚህ በሽታ ክትባት ተጨምሮ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ጎልማሳ ግን ክትባቱን ያላገኘ በመሆኑ ራሱን መጠበቅና መመርመር ይኖርበታል።

መሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለታመመ አባል መዋጮ ሲያሰባስቡ የደም ምርመራውንና የክትባቱን ወጪ አብረው ያስቡ። የምርመራው ወረቀት ቀኑ ተጽፎበት ከበሽተኛው ጋር እንዲሄድ፣ ቅጂውም በቤተሰቡ እጅ እንዲቀመጥ ያሳስቡ። በሽተኛው የእጥበት ቦታ ሲለውጥ የቅርብ ጊዜ ውጤቱን እንዲይዝ ይምከሩ። የአንድ አባል ውጤት የበሽተኛው ምስጢር በመሆኑ በስብሰባ ላይ እንዳይነበብ ይጠንቀቁ። የቤተሰቡ አባላት፣ በተለይም የትዳር ጓደኛው፣ እንዲመረመሩና ያልተያዙት እንዲከተቡ ያበረታቱ።

ከላይ የተጠቀሰው አርሶ አደር በራሱ ፈቃድ እንደተናገረው፣ በደሙ ውስጥ ቫይረሱም መከላከያውም አልተገኘም። ክትባቱ ተጀመረለት፤ እጥበቱም ቀጠለ። በተከታዩ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ደብተራቸውን ሲከፍቱ በዝርዝሩ ላይ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮ ነበር፤ «ለየወሩ የደም ምርመራ» ይላል። አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «እሱማ ይግባ» አሉ፤ ከኪሳቸውም የድርሻቸውን አወጡ።