ጃዱኖች፦ ዘራቸው ፓሽቱን፣ አፋቸው ሂንድኮ

በፓኪስታን ሰሜን ምዕራብ ዘር የሚቆጥር ሰው ሰባት ቤት ላይ አይቆምም። ጃዱን የሚባለው ጎሳ ሐረጉን የሚስበው ሰርሃንግ ከሚባል አባት ነው። ሰርሃንግ ከጉርጉሽት የወረደ ነው፣ ጉርጉሽት ደግሞ ከፓሽቱኖች ግንዶች አንዱ ነው። ልጆቹ ደም ተቃብተው ተሰደዱና ወደ ኢንደስ ወንዝ መጡ ይባላል።

በእርግጥ ፓሽቱን ናቸው ወይ የሚለው ክርክር የሚነሳው ወንዙ ጋ ነው። በምዕራቡ ዳር፣ በስዋቢ ያሉት ጋዱን ይባላሉ፤ አፋቸውን የፈቱት በፓሽቶ ነው። በምሥራቁ፣ በአቦታባድና በዳምታውር ዙሪያ ያሉት ግን የሚናገሩት ሂንድኮ ነው፤ ይህም የፓንጃቢ ዘመድ እንጂ የፓሽቶ አይደለም። አካባቢው ሃዛራ ይባላል፤ ከአፍጋኒስታን ሃዛራዎች ጋር ግን አይገናኝም። ሳላርና ማንሱር የተባሉት ነገዶች በሁለቱም ዳር አሉ፤ ሦስተኛው፣ ሐሳዛይ፣ ያለው በሃዛራ ብቻ ነው።

ቤሊው የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስማቸውን ከያዱ ራጅፑቶች ስም ጋር አዛምዶ ሕንዳዊ ናቸው አለ። ዴንዚል ኢበትሰንም ስለ 1881 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ በጻፈው ዘገባ፣ ጃዱኖች እውነተኛ ፓሽቱን አለመሆናቸው እርግጥ ሊባል ጥቂት እንደቀረው ገለጸ። የስም መመሳሰል ይህን ያህል ሸክም የሚችል አይመስለኝም። ለቋንቋው ቀለል ያለ ምክንያት አለ። የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በአካባቢው ቀድመው የነበሩትን ዲላዛኮች ከሰበረ በኋላ ጃዱኖች የዶርን ሸለቆ ይዘው ወጡ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዳምታውርን ያዙ። ጎረቤቱም ገበያውም ሂንድኮ በሆነበት አገር ልጅ የሚያድገው በጎረቤቱ አፍ ነው። ሰርሃንግም ቢሆን በአፍ የመጣ ታሪክ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የዘር ሐረግን ከጨዋታ አውጥቶ ጥቅም ያደረገው የመሬት መዝገብ ነው። ካፒቴን ዌስ የሃዛራን መሬት ከ1868 እስከ 1874 ሲያስመዘግብ የየመንደሩ ባለርስቶች የትውልድ ሐረግ አብሮ ተጻፈ። ፓትዋሪ የሚባለው የመንደር መዝገብ ጸሐፊ የማሳውን ካርታ በጨርቅ ላይ ይስላል፤ ከእሱ ጋር መንደሩን ያቀናውን አባት መነሻ አድርጎ ልጅ የልጅ ልጁን እንደ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ድርሻ የሚታወቀው ከቅርንጫፉ ነው። በ1900 የወጣው የፓንጃብ ሕግ ደግሞ የአራሽ ጎሳዎችን ዝርዝር አወጣ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው ከእነሱ መሬት እንደ ልቡ መግዛት ቀረበት። ሃዛራ ያኔ በፓንጃብ ሥር ነበረች። እንግዲህ «የማን ዘር ነህ?» የሚለው ጥያቄ የእርሻ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

በሚያዝያ 2010 ሃዛራ ያለችበት ክፍለ ሀገር «ኸይበር ፓኽቱንኽዋ» ሊባል ሲል አቦታባድ ተነሳች። ፖሊስ ተኮሰ፤ ቢያንስ 7 ሰው ሞተ። ስሙ ግን በዚያው ወር ጸደቀ። ፓኽቱን ማለት ፓሽቱን ነው፤ ከአካባቢው ትልልቅ ጎሳዎች አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ጃዱንን ጨምሮ፣ ፓሽቱን ነን የሚሉ ናቸው። ላላወቀው ግራ ያጋባል። የጠሉት ግን አያታቸውን አልነበረም፤ በፓሽቶ ተናጋሪ አብላጫ ሥር በስም ጭምር መጠቅለልን ነው። በባባ ሃይደር ዛማን የተመራው «የሃዛራ ክፍለ ሀገር» ንቅናቄም መሠረቱ ዘር ሳይሆን ቦታና ቋንቋ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በ2014 ጥያቄውን የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ፤ የሃዛራ ክፍለ ሀገር ግን አልተፈጠረም።

ምርጫ ሲመጣ ሰርሃንግንም ያዱንም የሚጠይቅ የለም። አቦታባድን ወክለው ፓርላማ የገቡትና ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ የነዳጅ ሚኒስትር የሆኑት ሰው ሙሉ ስማቸው አማኑላህ ኻን ጃዱን ነው። ለመራጩ የስማቸው የመጨረሻ ቃል በቂው ነው።